ስልሳ ሦስት አንደኞችና አንዲት ሁለተኛ

በእኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ቀልዴን አይደለም፤ ስድስት ክፍል፣ ስልሳ ሦስት ተማሪ፣ ስልሳ ሦስት አንደኛ። ርዕሰ መምህራችን የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ሲሾሙ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "በዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ልጅ የማንንም ልጅ ጀርባ አያይም" ብለው ተናገሩ። እኛም አጨበጨብን። ያን ቀን ያጨበጨብኩበትን እጄን አሁን አሁን ትክ ብዬ የማይበት ጊዜ አለ።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ የምስክር ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የአንደኞች መዝገብ የሚባለውን ትልቅ ጥቁር ደብተር የምይዘውም እኔው ነኝ። መዝገቡ ከየተማሪው ስም ትይዩ "የአንደኝነት ዘርፍ" የሚል ዓምድ አለው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ርዕሰ መምህሩ በልጁ ካርድ ላይ ማኅተም አይመቱም፤ ማኅተም የሌለው ካርድ ደግሞ ክፍል አያሻግርም። ማኅተሙን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነው የሚዞሩት። ባስነጠሳቸው ቁጥር ደረታቸው ላይ ስለሚያርፍ ሸሚዞቻቸው በሙሉ በሐምራዊ ቀለም ጸድቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በደህና አለፉ። በሒሳብ፣ በሩጫ፣ በንባብ፣ በሥዕል አንደኛ እያልን ሰጠን። ከዚያ ዘርፍ አለቀብን። የዘርፍ አፈላላጊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ርዕሰ መምህሩ፣ አባላቱ የስፖርት መምህሩና እኔ። የስፖርት መምህሩን ልጆቹ ፊሽካ ይሉታል፤ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲያወራ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሦስታችን በር ዘግተን ስለ ሰው ልጅ አፍንጫና ስለ ሰው ልጅ ጫማ እንመክራለን። በአንድ ዓመት ብዙ ጥርስ በመንቀል አንደኛ። ሳያቋርጡ በማስነጠስ አንደኛ። እርሳስ ሳይጥሉ ዓመቱን በመጨረስ አንደኛ። አንዱን ልጅ ምንም ቢፈለግ ምንም ሲታጣለት "ኮሚቴውን በማስቸገር አንደኛ" ብለን ሰጠነው፤ እናቱ በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቅላዋለች። መንትዮች መጥተው ደግሞ አንደኛው "ወንድሙን በመምሰል አንደኛ" ሲባል ሌላው "የሚመስለው እኮ እሱ ነው እኔን" ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ።

ነገሩ ከወረቀት አልፎ መድረክ ላይም ወጥቷል። የመዝሙር ቡድናችን ሃያ ሁለት አውጪ አለው፣ ተቀባይ የለውም። የቼዝ ክበቡ አባላት ለየብቻቸው ቦርድ ይዘው ከራሳቸው ጋር ይጫወታሉ፤ ያም ሆኖ እየተሸነፈ የሚያለቅስ አይጠፋም። ቲያትሩማ አይነሳ። በየዓመቱ የምናሳየው አንድ ንጉሥና አንድ አሽከር ያሉበት አጭር ጨዋታ ነበር። አሽከር የሚሆን ልጅ ስለማይገኝ አሁን አስራ ሰባት ነገሥታት ናቸው የሚወጡት። አስራ ሰባቱም ዘውድ ደፍተው "ውሃ አምጡልኝ" ይላሉ። የሚያመጣ የለም። ትንሽ ይተያያሉ፣ መጋረጃው ይዘጋል። ወላጆች "ጥልቅ ነው" እያሉ ይወጣሉ።

ይሄን ሁሉ ከበሩ ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው አለ፤ ዘበኛው። ሃያ ሁለት ዓመት ያን በር ከፍቷል፣ ዘግቷል። በየዓመቱ የወረቀቱን ክምር ታቅፌ ስገባ "ለዘበኛ ዘርፍ የለም እንዴ?" ይለኛል እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እየሳቅን ተላለፍን።

የወንድሜ ልጅ ወደዚህ ጉድ የገባችው ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነው። በሌላ ከተማ የአንድ ባለ ፎቅ ቤት ግድግዳ ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ዳሌውን ተሰበረ። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል፤ ስለዚህ አባትና ልጅን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ከሁለቱ ጋር መሰላሉም መጣ። "የሥራ እቃዬን ለማን ጥዬ?" ብሎ እንቢ አለ። መሰላሉ ኮሪደሬ ውስጥ ቆሞ እኔ በየጠዋቱ ትከሻዬን እመታበታለሁ፤ እሱ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ሁለት ክራንቹን ታቅፎ ይውላል። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሽና ቀልጣፋ ስለሆነች ድንቢጥ ነው የምንላት። አራተኛ ክፍል አስገባኋት።

የድንቢጥ ነገር ምን መሰላችሁ፤ በሁሉም ሁለተኛ ናት። በሒሳብ ፈተና ጎበዙ ልጅ ዘጠና ስድስት ሲያመጣ እሷ ዘጠና አምስት አመጣች። ያ ልጅ ታሞ የቀረ ዕለት ከቀሪዎቹ ትልቁ ውጤት አርባ ዘጠኝ ነበር፤ ድንቢጥ አርባ ስምንት አመጣች። እንዴት አድርጋ እንደምታውቀው አላውቅም። በንባብም፣ በሥዕልም፣ ገመድ በመዝለልም እንደዚያው። በሰልፍ ላይ እንኳን ሁለተኛ ነው የምትቆመው።

ርዕሰ መምህሩ ባዶውን ዓምድ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "እትዬ፣ የእርስዎ ዘመድ ስለሆነች ሕግ አንጥስም" አሉኝ። "እስከ መዝጊያው ዓርብ አንደኛ ካልሆነች ካርዷ አይታተምም። አራተኛ ክፍልን ትደግማለች።"

"ዘጠና አምስት ያመጣች ልጅ?"

"ዘጠና አምስት ሁለተኛ ነው" አሉ። ቃሉን ሲጠሩት ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ኮሚቴው ወደ ሥራ ገባ። ፊሽካ ከትምህርት ቤቱ ቀርፋፋ ከሆነው ልጅ ጋር አሯሯጣት። ችግሩ ልጁ "በዝግታ በመሄድ አንደኛ" ነው፤ ማዕረጉን ላለማስነካት አንድ እግሩን ካነሳ በኋላ ሌላውን ለማንሳት ያስባል። ድንቢጥ ከኋላው ሆና እያሰበች ተከተለችው። ስልሳ ሜትሩን በሃያ ስድስት ደቂቃ ጨረሱት። እሱ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያ የሆነው ሲገባው መሬት ላይ ተዘርግቶ አለቀሰ፤ ምክንያቱም በዝግታ ተበልጧል። ማዕረጉ ግን ቀድሞ በመዝገቡ ላይ ስለሰፈረ ለድንቢጥ ሊሻገር አልቻለም።

በማግስቱ ብቻዋን አሯሯጥናት። አንድ ተማሪ፣ አንድ መስመር። እንደ ጥይት ተወነጨፈችና መስመሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ከፊቴ ሰው የለም፣ አክስቴ።"

"ይሻላል! ግቢ በቃ።"

ራሷን ነቀነቀች። ቆመች፤ ቆምን። ፀሐዩ አናታችንን በላው። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ድመት ከወዲያ መጥታ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መስመሩን አለፈች። ድንቢጥ ተከትላት ገባች። ኮሚቴው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። ድመቷ የተመዘገበች ተማሪ እንዳልሆነች በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ሆኖም ድንቢጥ ሁለተኛ መሆኗ ጸና።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ድንች እንልጣለን። እኔ ቢላዋዬን ያለ ልክ ነበር የምጠቀመው፤ ተናድጄ ነበር።

"ሆን ብለሽ ነው አይደል?" አልኳት።

ድንቹን ዞር ዞር አድርጋ አየችው። በዚያው ቅጽበት ሳሎን ውስጥ የሶፋው ሽቦ ሲንጣጣ ተሰማ፤ ወንድሜ ሊነሳ ነው። ልጅቷ ድንቹን ጥላ በረረች። ሁልጊዜ እንደዚህ ነች፤ እሱ ሲነሳ ከኋላው ትቆማለች፣ እሱ ሲሄድ ከኋላው ትሄዳለች፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፤ ቢወድቅ ሰማንያ ኪሎውን በእነዚያ እጆች ልትይዝ። አስቀምጣው ተመልሳ መጣችና ድንቿን አነሳች።

"ሁልጊዜ ሲቀባ መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ" አለች። "ከትምህርት ቤት እመጣና ከታች እይዛለሁ። ያን ቀን ውድድር ነበረና ሮጥኩ። አንደኛ ወጣሁ።"

"እሺ?"

"ሁለተኛና ሦስተኛ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንደኛ የወጣ ግን ንግግሩ እስኪያልቅ መድረክ ላይ ይቆማል። ሦስት ሰው ተናገረ። ወረቀቴን ይዤ ስመጣ መሰላሉ መሬት ላይ ነበር። አባዬም።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

"ሁለተኛ ብወጣ እደርስ ነበር" አለች፤ እንደ ሒሳብ መልስ ነው ያለችው። "ከፊቴ ሰው ካለ ደግሞ ሲወድቅ አየዋለሁ።"

"ወረቀቱስ የት ገባ?"

"ከመሰላሉ እግር ስር ነው። እንዳይንሸራተት አጥፌ አደረግኩት።"

ኮሪደሩ ጋ ሄጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ነው። አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት በግራ እግሩ ስር ተወትፎ የወርቅ ቀለም ያለው ጠርዙ ብቅ ብሏል። ለሁለት ወር በየቀኑ ትከሻዬን የመታኝ መሰላል እግሩ ስር ይሄን ይዞ ነበር። ወረቀቱን ሳልነካው ቀና አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ፤ እኔ ሳዝን ሁልጊዜ የሚከተለኝ ንዴት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። መዝገቡን ዘረጋሁ፣ የማይለቀውን ቀለም ከፈትኩና በድንቢጥ ዓምድ ውስጥ ባማረው ጽሑፌ "ሁለተኛ፣ በሁሉም ነገር" ብዬ ጻፍኩ። ከታች መስመር አሰመርኩበት።

ርዕሰ መምህሩ ሲያዩት ወንበር ፈለጉ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሲያነቡት ምን ይላል?"

"ይጥፋ!"

"ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ አይታተምም ያሉት እርስዎ ነዎት። ገጹ ቢቀደድ ደግሞ የአስራ አንድ ልጆች ዘርፍ አብሮ ይቀደዳል። ጥርሱን የነቀለውም ልጅ እዚህ ገጽ ላይ ነው፤ እንደገና ንቀል አይባል።"

በራሳቸው ሕግ ተጠፍንገው ተቀመጡ። ዓምዱ ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ ካርዷ ሊታተም ነው። ያሸነፍኩ መስሎኝ ሻይ አፈላሁ።

ደስታዬ እስከ እሮብ ነው የቆየው። ወሬው ወጣ። በትምህርት ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሁለተኛ ተገኘች ተባለ። እሮብ ጠዋት የመጀመሪያዋ ወላጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራዋ፣ የአስነጣሿ እናት።

"ስልሳ ሦስት ልጅ አንደኛ ነው" አለችኝ። "አንድ ልጅ ብቻ ሁለተኛ። ልጄ ምን ጎድሏት ነው ከሁሉ ጋር አንደኛ የምትሆነው?"

ከኋላዋ የመንትዮቹ አባት ነበር። "ለአንዱ ሁለተኛ ስጡልኝ፤ ለየትኛው እንደሆነ እናንተው ለዩ" አለ። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሰልፍ። እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ አንድ ማመልከቻ ተቀበልኩ፤ ሁሉም ልጆቻቸው ከማንም ያላነሱ ሁለተኛ መሆናቸውን የሚያስረዱ ናቸው። አንዱ የሐኪም ማስረጃ አያይዟል።

ርዕሰ መምህሩ ያን ቀን ከሰዓት ማስታወቂያ ለጠፉ። የሁለተኛነት ማዕረግ በዓርቡ የመዝጊያ በዓል ላይ፣ በወላጆች ፊት፣ በሁሉም ተማሪዎች መካከል በሚደረግ ሩጫ ይለያል። ሁለተኛ የወጣ ወረቀቱን ይወስዳል። መጀመሪያ የገባው ያው እንደ ሌላው አንደኛ ስለሆነ የተለየ ነገር የለውም። በመዝገቡ ላይ ያለው የድንቢጥ ጽሑፍ በውጤቱ ካልተረጋገጠ ወረቀት ይለጠፍበትና ዓምዱ እንደ ባዶ ይቆጠራል።

"መለጠፍ ስርዝም ድልዝም አይደለም" አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡት እንዳደሩ ዓይናቸው ይናገራል።

ለድንቢጥ ነገርኳት። "ሁለተኛ ከወጣሽ ታልፊያለሽ" አልኳት። ፊቷ በራ፤ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ ግን ላሳልፋት ብዬ እድሜዋን ሙሉ የሰው ጀርባ እያየች እንድትኖር ወረቀት ጽፌ የሰጠኋት መሰለኝ።

ዓርብ ደረሰ። ግቢው በወንበርና በወላጅ ሞላ። ወንድሜን ዘበኛውና እኔ ደግፈን አመጣነው። አግዳሚዎቹ ስለሞሉ ዘበኛው የራሱን ወንበር ከበሩ ላይ አንስቶ ከሩጫው መጨረሻ መስመር ማዶ፣ ግድግዳው ጥላ ስር አስቀመጠለትና ወደ በሩ ተመለሰ።

መጀመሪያ ሃያ ሁለቱ አውጪዎች ዘፈኑ፤ ሃያ ሁለት ዘፈን በአንዴ ሰማን። ቀጥሎ ቲያትሩ። አስራ ሰባቱ ነገሥታት ወጥተው "ውሃ አምጡልኝ" አሉ። እንደተለመደው ተያዩ። ያኔ ድንቢጥ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ጆግና አንድ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ማንም አልነገራትም። ለመጀመሪያው ንጉሥ ቀዳች፣ ለሁለተኛው ቀዳች፣ ለሁሉም አዳረሰች። ነገሥታቱ ግራ ገብቷቸው ጠጡ። ከጠጡ በኋላ የሚባል ነገር በጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ አንደኛው ንጉሥ "አመሰግናለሁ" አለ። ከወላጆች መሃል አንዱ "ለካ እንደዚህ ነው የሚያልቀው" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ሩጫው። ስልሳ አራት ልጆች ከበሩ ጀምረው ተሰለፉ። ፊሽካ ነፋ። ማንም አልሮጠም። በዝግታ፣ እየተያዩ፣ እየተጠባበቁ መጡ፤ ወላጆችም ከግራና ከቀኝ ቆመው ያበረታታሉ።

"ቀስ በል፣ የኔ አንበሳ!"

"ኧረ አትቸኩዪ! እግርሽን ያዝ አድርጊ!"

አንዱ አባት ልጁ ትንሽ ሲፈጥንበት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እንደዚያ እንደዚያ እያሉ ስልሳ አራቱም በኖራ የተሰመረው መስመር ጋ ደረሱና፣ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ ቆሙ።

"እለፍ እንጂ" አለ አንደኛው መንታ ወንድሙን።

"አንተ እለፍ።"

"ኧረ አይሆንም፤ አንተ ቅደም።"

"በፍጹም! ከአንተ በፊት አላልፍም።"

በር ላይ ቆመው እንደሚገባበዙ ሽማግሌዎች ሆኑ። ሁሉም ከጎኑ ያለውን ይጋብዛል፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ይላል። ጨዋነት እንደዚያ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ፊታቸው በራ፤ ስልሳ አራት ልጅ በአንድ መስመር፣ ማንም የማንንም ጀርባ ሳያይ፤ የአስራ አንድ ዓመት ሕልማቸው ፊት ለፊታቸው ቆሟል። አስር ደቂቃ አለፈ። ሃያ። ሕልሙ ላብ በላብ ሆነ። ሁለት ትንንሾች ቁጭ ብለው ጠጠር መጫወት ጀመሩ። ሠላሳ ደቂቃ ላይ ርዕሰ መምህሩ "አንዱ ይግባ እንጂ!" አሉ፤ ሁሉም ወደ ጎን አየ።

ድንቢጥ መሃል ላይ ናት። የሰው ጀርባ ፈለገች፤ የለም። ከፊቷ ያለው አባቷ ብቻ ነው፣ ከመስመሩ ማዶ፣ ዘበኛው ወንበር ላይ።

አርባኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል ወንድሜ ሊነሳ ክራንቹን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ሩቅ ነበርኩ፣ የወረቀቱ ጠረጴዛ ጋ። ግማሽ መንገድ ተነሳ። የግራው ክራንች አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነካና ሸተት አለ።

ልጅቷ ስትነሳ አላየኋትም። ያየሁት ስትደርስ ነው። መስመሩን፣ ኖራውን፣ ስልሳ ሦስቱን ልጅ ከኋላዋ ጥላ በብብቱ ስር ገባችና ትከሻዋን ተከለችበት። ሰማንያ ኪሎ ሰው ነው። ጉልበቷ ታጠፈ፣ ግን አልወደቀችም፤ እሱም አልወደቀም።

ለስልሳ ሦስቱ ልጆች በአንዴ ተገለጠላቸው፤ አንደኛ ገብታለች፣ ስለዚህ ቀጣዩ ሁለተኛ ነው። እንደ ጎርፍ ወጡ። እርስ በርስ ተጠላለፉ፣ መንትዮቹ ተያይዘው ወደቁ፣ ሌላው በላያቸው ላይ ወደቀ፣ መስመሩ ላይ የልጅ ክምር ተከመረ። በክምሩ ጎን በኩል ግን አንድ ሰው ጫማውን እየጎተተ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ወንድሜን ልርዳ ብሎ እየሮጠ አለፈ። ዘበኛው ነበር።

ፊሽካ ሊነፋ ሞከረ፤ ከመገረሙ የተነሳ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፊሽካ ድምፁን ሰማሁ፤ ቀጭን ነው።

"ሁለተኛ፣ ዘበኛው" አለ።

ድንቢጥ ያኔ ነው ዞራ መስመሩን ያየችው። እሷ ከወዲህ ናት፣ ሁሉም ከወዲያ። ፊቷ አመድ መሰለ። "አንደኛ ወጣሁ እንዴ?" አለች፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት በልጅ ድምፅ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ቀና ብላ አባቷን አየችው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ።

"ቆሜያለሁ" አላት ወንድሜ። ክንዱ ትከሻዋ ላይ ነበር። "እይኝ። አንደኛ ወጣሽ፣ እኔም ቆሜያለሁ።"

አለቀስኩ፤ አልክድም። የወረቀቱ ክምር ላይ እንባዬ ወርዶ "በማስነጠስ" የሚለውን አበላሸው።

ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ታቅፈው መጡ። "እትዬ፣ እዚህ ላይ በሁሉም ነገር ሁለተኛ ይላል። ልጅቷ አንደኛ ወጥታለች። ውሸት ነው፤ ግን አይሰረዝም። ልለጥፍበት?"

"ይስጡኝ" አልኩ። ብዕሬን አውጥቼ ከጻፍኩት ቀጥሎ፣ አንድ ፊደል ሳልሰርዝ፣ "እስከ መዝጊያው በዓል ድረስ፤ ከዚያ ወዲህ አንደኛ፣ ለአባቷ በመድረስ" ብዬ ጨመርኩበት። ዓምዱ ጠቦ ስለነበር የመጨረሻውን ቃል የአስነጣሿ ዓምድ ውስጥ ነው የጨረስኩት። ርዕሰ መምህሩ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው አውጥተው በካርዷ ላይ መቱ፤ ወደ ደረታቸው ሲመልሱትም ለአንድ አፍታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዙት።

ለዘበኛው ወረቀቱን በእጄ ጻፍኩለት። ሁለተኛ፣ በሩጫ። ኮፍያውን አውልቆ ተቀበለኝ። ሰኞ ስገባ በሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ከቁልፎቹ በላይ ተሰቅሏል። የሚያልፈውን ወላጅ ሁሉ እያስቆመ ያሳያል፤ ከፋርማሲዋ እናት ጋር ተኮራርፈዋል።

ያን ዓርብ ቤት ስንደርስ ወንድሜን ለብቻው ጠየቅኩት። "ሆን ብለህ ነው የተነሳኸው?"

"ኧረ እትዬ፣ ሽንቴ ወጥሮኝ ነው" አለኝ። "አርባ ደቂቃ እኮ ነው ያስቀመጣችሁኝ።"

ድንቢጥ የጻፍኩላትን የአንደኝነት ወረቀት ይዛ ሳሎኑ መሃል ቆመች። የት ይሰቀል ሲባል አባቷ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቦታ አሳየ፤ ጣሪያው ስር ሊደርስ ትንሽ የቀረው። መሰላሉን ከኮሪደሩ ጎተትኩት። የታጠፈው ወረቀት መሬቱ ላይ ቀረ። ልጅቷ አነሳችው፣ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ሳሎን አምጥታ መልሳ በመሰላሉ እግር ስር ወተፈችው። እንደ ልማዷ ከኋላው ቆማ በሁለት እጇ መሰላሉን ያዘች።

"ማን ሊወጣ ነው የያዝሽው?" አላት አባቷ። "አክስትሽ ከወጣች መሰላሉም ቤቱም አይተርፍም። አንቺ ነሽ የምትወጪው።"

ክራንቾቹን ወደ ጎን አስቀመጠና ሶፋው ጫፍ ላይ ተጠግቶ የመሰላሉን ሁለት እግር በሁለት እጁ ጨበጠ። ቀለም የለመደ ትልቅ እጅ ነው። ልጅቷ አየችው፣ መሰላሉን አየች፣ አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረገች።

"ይዘኸዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

ሁለተኛው ላይ ወጣች። "ይዘኸዋል አባዬ?"

"ይዤዋለሁ።"

እኔ መዶሻውን ይዤ ከታች ቆሜ ነበር። በየደረጃው ጠየቀችው፣ በየደረጃው መለሰላት።